ባለ አንድ በር መንደር

ግሸን ማርያምን በስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን የሚጎርፈውን ምእመን፣ ዳገቱን፣ ገደሉን፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋውን አምባ፣ ያልሄደው ሰው እንኳ ከሄደው ሰምቶ እንደ ዐይን ምስክር ይተርከዋል። ነገር ግን የሚተረከው ሁሉ የአንድ ሰሞን ነገር ነው። ሕዝቡ ወርዶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የእግር ብዛት ያቦካው ጭቃ መርጋት ሲጀምር በዚያ አምባ ላይ ማን ይቀራል? እሳት የሚያነደው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ የዘመመ አጥር የሚያቀናው ማን ነው?

ግሸን ሰው የሚኖርበት መንደር መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እንዲያውም በአገራችን ካሉት የመኖሪያ ስፍራዎች መካከል እንደዚህ ያለ እንግዳ ታሪክ ያለው ሌላ መንደር መኖሩን እንጠራጠራለን። ቀድሞ እንዳይወርዱ የተፈረደባቸው ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መውረድ እየቻሉ ለመኖር የመረጡ ይኖሩበታል። በሩ ግን ያው አንዱ ነው።

ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ መነሻው ደሴ ነው። የወልዲያን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ስሟን የሰጣት ሐይቅ ከከተማይቱ ጥቂት ዘወር ብሎ ተኝቷል፤ በዳርቻውም አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1248 የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚያ ነው። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ግን ከምድር ጋር ተያያዘ። ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ጊዜ ያለው ሰው እዚህ ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ አይጸጸትም፤ የእኛ መንገድ ግን ከሐይቅ አልፎ ዋናውን መንገድ ይለቅና ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምባሰል ተራሮች ይዞራል።

አምባሰል የዜማ አገር ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ይጠራል። ስሙ የመጣው «አምባ» ከሚለው ቃልና በዓረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» ነው የሚሉ አሉ፤ ማር ቆራጮች በገደል ላይ ተንጠልጥለው ሲሠሩ ያዜሙት ነበርም ይባላል። ይህ እውነት ይሁን አይሁን፣ ገደሉን ያየ ሰው ለማመን አይቸገርም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው። የአምባሰል ገዢዎች «ጃንጥራር» የሚባል፣ ሌላ አገር የማይሰጥ ማዕረግ ነበራቸው። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ነበሩ። ማዕረጉ ከጥንት ከግሸን ጥበቃ ጋር የተያያዘ ነው የሚሉም አሉ፤ ጥበቃው ምን እንደ ነበር ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

አሁን አምባው ታየ። ይህ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈንቅሎ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ በሽሎ የሚወርዱት ወንዞች እየቦረቦሩ እየቆራረጡ ዙሪያውን ገደል፣ ላዩን ሜዳ የሆነ አምባ እያስቀሩ ሄዱ። ግሸን ከነዚህ አንዱ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው ግን አራት ክንድ አውጥቶ በመስቀል መልክ መዘርጋቱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ማን እዚያ ላይ ቤት ይሠራል ያሰኛል። ከግርጌው ቀና ብለው ሲያዩት ደግሞ እንዴት አድርጎ ሠራ ያሰኛል።

ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ በዳገቱ መጨረሻ ገደሉን ተጠግቶ ወደ በሩ ይደርሳል። ጎልማሳው በአንድ ትንፋሽ እወጣለሁ ብሎ ይጀምርና መንገድ ላይ ደንጊያ ፈልጎ ይቀመጣል። በበትር የሚወጡ ባልቴቶች ደግሞ ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆሙ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ ላይ እየጨመሩ አልፈውት ይሄዳሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ዳገት አወጣጥ ከማንም ምክር አይሻም።

በሩን አልፎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የስፍራው ስፋት ነው። የጠበቀው ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት የመነኮሳት ጎጆ ነበር። የሚያገኘው ግን መንገድና አጥር፣ የጓሮ አትክልትና የምድጃ ጢስ ያለው መንደር ነው። ቤቶቹ ከደጋው አገር ቤት የተለዩ አይደሉም፤ ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ክዳናቸው አንዳንዱ ሣር፣ የሌላው ቆርቆሮ ነው። እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሆይ፣ ስለ ቆርቆሮው ጥቂት ቆም ብለህ እንድታስብ እንለምንሃለን። በከተማ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ከሱቅ ተገዝቶ በጋሪ ቤት ይደርሳል። እዚህ ግን በሰው ትከሻ ዳገቱን ወጥቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋስ እንደ ሸራ እየነፋው፣ በዚያች በአንዲት በር ካልገባ በቀር ጣራ አይሆንም። ምስማሩም፣ ጨውም፣ ሳሙናውም፣ ስኳሩም፣ የተማሪው ደብተርም የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ በግሸን የዕቃ ዋጋ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል፤ አንድ ጊዜ በገበያ፣ አንድ ጊዜ በዳገቱ።

ነዋሪው ካህናትና ዲያቆናት፣ መነኮሳትና መነኮሳይያት፣ ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጣ የቆሎ ተማሪ፣ ባለትዳር ከነልጆቹ፣ ትንሽ ንግድ ያለው ሰው ነው። ከነዚህ መካከል የሚያስደንቁን ለበዓል መጥተው የቀሩት ናቸው። በግሸን ስለ ተሰጠው ቃል ኪዳን ሰምቶ፣ መቃብሬ እዚያ ይሁን ብሎ የሚመኝ ምእመን ብዙ ነው። ልጆቿን ድራ፣ ቤቷን ለቃ፣ የቀረ ዕድሜዋን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለመጨረስ የምትወጣ ባልቴት በአገራችን በየገዳሙ አለች፤ እዚህም አለች። እንዲህ ያለ ሰው ለጎረቤቱ ዘመድ አይደለም፤ የአገር ልጅም አይደለም። ያገናኛቸው መውጣታቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ በመጣ አነጋገር የምትጫወት መንደር ናት ማለት ነው።

የመንደሪቱ ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። ከአምባ ላይ ውሃ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ክረምት የጣለው ዝናብ በየገደሉ ፏፏቴ እየሆነ ታች ላለው ባላገር ይደርሳል፤ ላይ ያለው ሰው ግን ካልጠበቀው፣ ካላቆረው፣ በእንስራና በጀሪካን ካልቆጠበው በበጋ ይቸገራል። እንግዳ የበዛ ዕለት ጥቂቱ ውሃ ለሁሉ መከፈል አለበት። ደግሞም በእንግዳ ፊት ውሃ የለኝም ማለት በአገራችን ልማድ ከባድ ነውር ስለሆነ፣ ነዋሪው የነገውን ዛሬ ያጠጣል።

የማገዶም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ ቤተሰብ በወር የማያነደውን እንጨት የበዓል ሰሞን በአንድ ሌሊት ይፈጃል። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ያለው ዛፍ ተከብሮ መቆየቱ ደግ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን በአምባ ላይ ተቆርጦ ካለቀ የሚተካው በቶሎ አይደለም።

አሁን ወደ ጥንቱ ሰፈርተኞች እንመለስ። ይኩኖ አምላክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1270 ያቆሙት መንግሥት ብዙም ሳይቆይ የዙፋን ጠብ ገባበት። ልጃቸው ይግባ ጽዮን ከሞቱ በኋላ፣ ከ1294 እስከ 1299 ባሉት አምስት ዓመታት፣ የንጉሡ ቤተ ዘመዶች ዘውዱን እየተነጣጠቁ አገሩ ዕረፍት አጣ። ከዚያ ወድም ረዓድ ነገሡና እስከ 1314 ገዙ። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት የነገሥታትን ወንዶች ልጆችና ወንድሞች በግሸን አምባ ላይ ማስቀመጥ የተጀመረው በዚያ ዘመን ነው። አሳቡ ቀላል ነበር፤ ዙፋን ሊመኝ የሚችል ሁሉ አንድ በር ባለው ስፍራ ይቀመጥ፣ በሩም ይጠበቅ። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ የሚመርጡት ሰው ከዚያ ይወርዳል፤ የቀረው እዚያው ይኖራል።

«ይኖራል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። እነዚህ ሰዎች በሰንሰለት የታሰሩ አልነበሩም። ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ የልጅ ልጅም ያያሉ። የልጅ ልጆቹም የንጉሥ ዘር ስለሆኑ አይወርዱም። እንዲህ እየሆነ ሁለት መቶ ዓመት ሲያልፍ አምባው ከዙፋን ቤት በወጡ፣ ዙፋን ግን ባላዩ ቤተሰቦች ተሞላ። ለነገሠው ንጉሥ በሥጋ የቀረቡት ጠበቅ ያለ ዘብ ነበረባቸው፤ የጥንቶቹ ነገሥታት ዘሮች ግን ማንም የሚፈራቸው ስላልነበረ ኑሯቸው ላላ ያለ ነበር። በሌላው ሰፈር ሰው ለንጉሥ ቅርብ በመሆኑ ይጠቀማል፤ በግሸን ግን የሚጎዳው የቅርቡ ነበር።

ከዚህ በር ወጥተው ከነገሡት መካከል ዘርዐ ያዕቆብ አሉ፤ በ1434 ከአምባው ወርደው ዘውድ ጫኑ። ስለ ሃይማኖት ብዙ የጻፉና ያስጻፉ ንጉሥ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ያን ያህል ለመማር ጊዜ ያገኙት የት ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከአምባው ላይ ያገኘዋል። በ1494 የነገሡት ናዖድም ከዚሁ የወረዱ ናቸው፤ መልክአ ማርያም የሳቸው ድርሰት ነው ይባላል። መውጫ የሌለው ሰው ወደ መጽሐፍና ወደ ዜማ ማዘንበሉ የሚያስገርም አይደለም፤ ግሸንም በቅኔና በድርሰት የታወቀች ነበረች። ከወረዱት ይልቅ ግን አሳባችንን የሚይዙት ያልወረዱት ናቸው። ተወልደው፣ ከብት ጠብቀው፣ ዳዊት ደግመው፣ አግብተው፣ አርጅተው እዚያው የተቀበሩት። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። ከአምባው አፋፍ ቆመው ታች የሚሄደውን ሲራራ ነጋዴ ማየት ግን ማንም አልከለከላቸውም።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በግሸን አጠገብ አልፏል። ወደ በሩ የሚጠጋ እንግዳ ከባድ ቅጣት እንደሚያገኘው ነገሩት፤ አምባውን ዞሮ ለመጨረስም 15 ቀን ይፈጃል አሉት። እሱም ጻፈው። መንገደኛን በወሬ ማስፈራራትና በቁጥር ማስደነቅ በባላገር ዘንድ የቆየ ጨዋታ መሆኑን ቄሱ የተረዳ አይመስልም።

ከዚያ የመከራው ዘመን መጣ። የኢማም አሕመድ ጦር በ1531 እና በ1533 አምባውን ለመያዝ ሞክሮ አልሆነለትም። በ1540 ግን ተሳካለት። ጠባቂውም ተጠባቂውም አንድ ላይ አለቀ። ሁለት መቶ ዓመት ከጠላት ያዳነ በር የዚያን ዕለት መሸሻ የሚያሳጣ በር ሆነ። ከዚህ በኋላ የነገሥታት ልጆች ወደ ግሸን አልተመለሱም። ጎንደር ከተቆረቆረች በኋላ በነገሥታቱ ዘመን ሌላ አምባ ተመረጠላቸው፤ ስሙም ወህኒ ነው። እስር ቤትን «ወህኒ» ማለታችን ከዚያ የቀረ ነው ይባላል።

አምባው ሲፈርስ ወሬው ግን ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነበር። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የስፔን መነኩሴ፣ ኢትዮጵያን ሳያይ፣ በአምባው ላይ ቤተ መንግሥትና ዓለም ያላየው ቤተ መጻሕፍት አለ ብሎ ጻፈ። በአገራችን የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን ሐሰት ለማስተባበል አንድ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ መጻፍ ግድ ሆነበት። የሐሰቱ ዕድሜ ግን ከማስተባበያው በለጠ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ስለ ገነት መጥፋት በሚናገረው ቅኔው «የአማራ ተራራ» ብሎ ጠቀሰው፤ ግሸን ያለችበት ምድር በዚያ ዘመን የአማራ አውራጃ ይባል ነበርና። በ1759 ደግሞ ሳሙኤል ጆንሰን የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ሲል በሳምንት ውስጥ ጻፈው የሚባለው «ራሴላስ» ወጣ። የሐበሻ መስፍን ከነእኅቱ በተራራ በተከበበ፣ ምንም በማይጐድልበት ሸለቆ ተዘግቶ ይኖራል፤ ተድላው ሰልችቶት ተራራውን ቀዶ ያመልጣል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን ሸለቆውን በምንጭና በጅረት ሞልቶታል። የግሸን ነዋሪ ይህን ቢያነብ የሚስቀው እዚህ ላይ ይመስለናል። በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት የነዚህን ተራሮች ፍለጋ ከእንግሊዝ መጥቶ ግሸንን አየ፤ በ1959 ያሳተመው መጽሐፍም ከልብ ወለዱ ወደ እውነተኛው ስፍራ መመለሻ ሆኗል።

በአገራችን ሰው ልብ ውስጥ ግን ግሸን የመስፍን እስር ቤት ሆና አልቀረችም። የያዛት ሌላ ነገር ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ከውጭ አገር የመጣውን የጌታ መስቀል ግማድ ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ በመስቀል ቅርጽ የሆነ ስፍራ ፈልገው በግሸን አኖሩት፤ በሣጥን ላይ ሣጥን ተደርጎ ከምድር በታች በጥልቅ ተቀምጧል ተብሎ ይታመናል። ይህን የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት ይባላል፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ስለ ደቀቀ ነው ይላሉ። የእግዚአብሔር አብና የማርያም አብያተ ክርስቲያናት ከሁሉ የቀደሙ ናቸው። ደብረ ከርቤ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከግሸን ጋር አብሮ ይጠራል። ልብ በሉ፤ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው የዚያች መንደር ልጅ ነበሩ። አገር ሁሉ በእጃቸው ሳለ ከሁሉ የከበረውን ዕቃ የላኩት ወደ ቀድሞ መኖሪያቸው ነው።

የዛሬው የመንደሪቱ ኑሮ ከበዓሉ ጋር የተሳሰረ ነው። በየወሩ በ21 ሰው ይመጣል፤ ጥር 21 ይበዛል፤ መስከረም 21 ግን ሌላ ነው። መስቀል በዋለ በአራተኛው ቀን ስለሆነ ያገር ሰው ከመስቀል ደመራ ወደ ግሸን ይነሣል። ያን ሰሞን ነዋሪው ቤቱን ለእንግዳ ለቆ ማጀት ያድራል። እንጀራ የሚጋግር ይጋግራል፣ ቆሎ የሚቆላ ይቆላል፤ ጧፍና ዕጣን፣ መቁጠሪያና ሥዕል ይሸጣል። በአምባው ግርጌ ያለው ባላገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሎና አህያ ያቀርባል፣ ጓዝ ይሸከማል። በጥቂት ቀን የተገኘው ገንዘብ ለወራት ይበቃ ዘንድ ይቈጠባል። እንግዲህ አንድ መስከረም ቢበላሽ ዓመቱ አብሮ ይበላሻል።

ይህም ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አምባሰል ገብቶ ነበር፤ ደሴም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ የመንገደኛውን ነገር ሁሉ በወሬ ላይ የተንጠለጠለ አደረገው፤ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ይነሣል፣ ተዘጋ ሲባል ይቀራል። ለከተማ ሰው ይህ የጉዞ መሰረዝ ነው። ለአንዲቷ በር ነዋሪ ግን የጨውና የሳሙና ጉዳይ ነው። የበዓሉ መብዛት ውሃውንና እንጨቱን ይጨርሳል፤ የበዓሉ መቅረት ደግሞ ጓዳውን ባዶ ያደርጋል። በእኛ አስተያየት ለግሸን ከተራ ቸርነት ይልቅ የሚያስፈልጋት ቋሚ የሆነ የውሃ ማከማቻና የማገዶ መላ ነው። መስከረም ላይ የሚወጣው ሕዝብ የሚሰጠው ስለት ብዙ ነው፤ ከስለቱ ጥቂቱ በእንስራ ቢቈጠር ምንኛ ደግ ነበር።

ሄዶ ለማየት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ስለ መንገዱ ሰላም በደሴ ይጠይቅ። ለበዓሉ የሚሄድ ከሆነ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ዳገቱ ያዳልጣልና ጫማው የሚይዝ፣ በትሩ ጠንካራ ይሁን። ሌሊቱ የደጋ ሌሊት ነው፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ሳይዙ መውጣት አይገባም። መንደሪቱን ለማየት የፈለገ ግን ከበዓል ውጭ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይውጣ። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የአምባው ክንዶች ከነአፋፋቸው ይታያሉ፤ ከዜማ ቤት የተማሪ ድምፅ ይሰማል፤ በየደጁ የተሰጣ እህል አለ። የሚጠጣውን ውሃ ከታች ይዞ ይውጣ። ሲወርድ ደግሞ ባዶውን ጀሪካን ይተውላቸው፤ እዚያ ላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።